ፎቶውን ያነሳው ማን ነበር?

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ አክስቴና አጎቴ ክርክር ገጠሙ። የተከራከሩት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ስለወረደበት ቀን ነው። ያኔ ሁለቱም ልጆች ነበሩ። አያቴ ሬዲዮ ስለነበራቸው ወሬው ቤት የገባው በእሱ ነው። እዚህ ድረስ ይስማማሉ። ከዚህ በኋላ ግን አይገናኙም።

አጎቴ «ማታ ነው የሰማነው። አባባ ሬዲዮው ሥር ቁጭ ብለው አመሹ፣ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ» ይላል። አክስቴ ደግሞ «ሊነጋጋ ሲል ነው እንጂ! ቀስቅሰውኝ ‹ሰው ጨረቃን ረገጠ› ያሉት እኔን ነው። አንተማ ተኝተህ ነበር» ትላለች። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለፈ ነገር ነው። ሁለቱም ግን የትናንት ያህል ተቆጡ። አቦሉ አልቆ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ አልበረዱም።

ቤቴ ገብቼ ሰዓቱን ፈለግሁ። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈችው ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5፡17 ላይ ነው። ኒል አርምስትሮንግ ወርዶ መሬቷን የረገጠው ደግሞ ሊነጋ ሲል፣ 11፡56 ላይ ነው። በመሃል ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ አለ። አጎቴ ማረፉን ሰምቶ ተኝቶ ይሆናል፤ አክስቴ ለመርገጡ ተቀስቅሳ ይሆናል። ደውዬ ስነግራቸው ሁለቱም ደስ አላላቸውም። አጎቴ «ዋናው ማረፉ ነው» አለ። አክስቴ «ዋናው መርገጡ ነው» አለች።

ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከሩቅ በሬዲዮ የሰሙት እንዲህ ከተለያዩ፣ እዚያው የነበሩትስ? በአንድ ጠባብ ክፍል ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አንድ ነገር ያዩ ሰዎች ኋላ ላይ እንዴት አስታወሱት? እንዲህ እያልኩ ሳነብ የአፖሎ 8 ሦስት ሰዎች ዘንድ ደረስኩ። እዚያው ቀረሁ።

በዕቅዱ ላይ ያልነበረች ምድር

ጨረቃ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ አርምስትሮንግ ይሮጣል። ከእሱ ሰባት ወር ቀድመው የሄዱት ግን ፍራንክ ቦርማን፣ ጂም ሎቬልና ቢል አንደርስ ናቸው። አላረፉም። በ20 ሰዓት ውስጥ ጨረቃን አሥር ጊዜ ዞረው ተመለሱ። ከእነሱ በፊት ከምድር ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሰው አልነበረም። እነሱ ወደ 380,000 ኪሎ ሜትር ሄዱ። የጨረቃን ጀርባ በዓይኑ ያየ ሰውም ከእነሱ በፊት የለም።

እኔን የያዘኝ አንድ ደቂቃ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1968 ነው፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 1፡40 ገደማ። አራተኛውን ዙር ይዘዋል። እስከዚያ ድረስ የመንኮራኩሯ መስኮቶች ወደ ጨረቃ መሬት ስለዞሩ ሦስቱም ዓይናቸው ታች ነበር። የመጡትም ለዚያ ነው። አንደርስ የፎቶግራፍ ሥራ ዝርዝር ተሰጥቶታል፤ ይህን ጉድጓድ፣ ያንን ተራራ፣ ለወደፊት ማረፊያ የታሰበውን ሜዳ ያነሳል። በዝርዝሩ ላይ ምድር ቦታ አልነበራትም።

የዚያን ደቂቃ ድምፅ የመንኮራኩሯ መቅረጫ ይዞታል። ቦርማን መንኮራኩሯን ቀስ እያለ እያዞረ ነው። በመሃል አንድ ሰው ይጮኻል። «ወይ አምላኬ! እዚያ ጋ ያለውን ተመልከቱ! ምድር እየወጣች ነው። እንዴት ታምራለች!» ሌላው ወዲያው «ኧረ አታንሳው፣ ዕቅዱ ላይ የለም» ብሎ ይቀልዳል። አንደርስ ይስቅና አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያነሳል፤ ካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም እሱ ነው። ቀጥሎ «ጂም፣ ከለር ፊልም አለህ? ቶሎ አቀብለኝ» ይላል። ሎቬል የት እንዳለ ይፈልጋል። አንደርስ «ቶሎ!» ይላል። ፊልሙ ሲገኝ ምድር ከመስኮቱ ወጥታለች። አንደርስ አመለጠችን ሲል ሎቬል በሌላ መስኮት ያገኛትና «እዚህ አለች!» ብሎ ይጣራል። ደጋግመህ አንሳ፣ ለእኔ ስጠኝ ማለት ይጀምራል። አንደርስ የካሜራውን ልክ እያስተካከለ «ተረጋጋ» ይለዋል።

ይህን የንግግር ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ወታደሮች ናቸው። ሁለቱ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል አብራሪነት ያጠገባቸው፣ አንዱ የኑክሌር ምህንድስና የተማረ። በዚያ ደቂቃ ግን ፊልም የሚሻሙ ልጆች ናቸው። ስለ ሰው ልጅ አንድነት የሚያወራ የለም። ስለ ሰላም የሚያወራ የለም። «ከለር አለህ?» ነው ወሬው።

ብዙ ቆይቶ አንደርስ በየቦታው የሚጠቀስለትን ንግግር ተናገረ፤ ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው ጨረቃን ልንመረምር ነበር፣ ትልቁ ነገር ግን ምድርን ማግኘታችን ነው አለ። ትልቅ ንግግር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንዱን ምረጪ ብባል የምመርጠው «ቶሎ አቀብለኝ» የሚለውን ነው። ሐሳቡ የተወለደው እዚያ ይመስለኛል፤ ቃል ከማግኘቱ ብዙ ዓመት በፊት።

ቴፑ ሲደመጥ

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የአክስቴንና የአጎቴን ክርክር ያስታወሰኝ። ቦርማን ለብዙ ዓመታት ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ ሲል ኖረ። በእሱ አተራረክ ምድርን መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። «ዕቅዱ ላይ የለም» ያለው አንደርስ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ተቀብሎ አነሳ። አንደርስ ደግሞ እኔ ነኝ ያነሳሁት ይላል። ሎቬል በበኩሉ ለቀልድ እኔ ነኝ እያለ ሁለቱንም ያደናግር ነበር።

እኛ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። እዚህ ጋ ግን ጽሑፉም አልረዳም። ናሳ ቴፑን ወደ ወረቀት ሲገለብጥ ጩኸቱን ለቦርማን፣ ቀልዱን ለአንደርስ ሰጥቶታል። ሦስት ወንዶች በተመሳሳይ የአሜሪካ አነጋገር፣ በሚያጉረመርም መሣሪያ መሃል ሲያወሩ ማን ማን እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም። ስህተቱ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ የቦርማንን ትዝታ የሚደግፍ ማስረጃ መሰለ።

በኋላ የአፖሎን ታሪክ የሚያጠና ሰው ራሱን ቴፑን አዳመጠ። የጮኸው አንደርስ ነው፣ የቀለደው ቦርማን ነው ብሎ ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ናሳ ነገሩን በሌላ መንገድ አጣራው። በሌላኛው መስኮት ላይ የተገጠመ ካሜራ በየ20 ሰከንዱ የጨረቃን መሬት ያነሳ ነበር። እነዚያን ፎቶዎች ጨረቃን ከምትዞር አዲስ መንኮራኩር ከተገኘ የመሬት ቅርጽ ጋር አስተያዩ። መንኮራኩሯ በየሰከንዱ ወዴት እንደዞረች ታወቀ። ምድር በየትኛው መስኮት መቼ እንደታየች ታወቀ። አንደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በፎቶው ላይ ከሚታዩት ጉድጓዶች አንዱ በእሱና በዚያች ፎቶ ስም በይፋ ተሰየመ።

ቦርማን ዋሽቷል ብዬ አላስብም። ይህን ሳስብ ነው ብዙ የቆየሁት። እሱ የቡድኑ አዛዥ ነበር። ለዕቅድ ጥብቅ ነው። በኋለኞቹ ዙሮች ጓዶቹ መድከማቸውን ሲያይ የቀረውን ሥራ ሰርዞ ተኙ ያለ ሰው ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ ይዘን አንሂድ ብሎ ተከራክሮ ነበር። ወደ ጠፈር የሄድኩት ሶቪየቶችን ለመቅደም ነው፣ ድንጋይ ልለቅም ብዬ ነፍሴን አደጋ ላይ አልጥልም እያለ በግልጽ ይናገር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ጉዞ ዓለም ያስታወሰው አንዲት ከዝርዝር ውጭ የሆነች ፎቶ ሆነች። ዓመታት ሲያልፉ ትዝታው ቀስ ብሎ ወደዚያች ፎቶ ተጠጋ። እሷን ያላነሳት ሰው መሆን ከባድ ነው።

አንድ ነገር በመሃል ልበል። ሁላችንም የምናውቃት ፎቶ ጨረቃ እንደ ሜዳ ከታች ተዘርግታ፣ ምድር በላይዋ ስትወጣ የምታሳየው ናት። አንደርስ ቤቱ የሰቀላት ግን እንዲህ አልነበረም። ባነሳበት አቅጣጫ የጨረቃ መሬት በቀኝ በኩል እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ምድር ከጎን ናት። ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ምድር ስትወጣ አያይም፤ በሰማዩ ላይ ካለችበት ብዙም አትንቀሳቀስም። ወጣች የሚያስብለው የመንኮራኩሯ ጉዞ ነው። ፎቶዋን ያዞሯት ያላዩት ሰዎች ናቸው። ለእኛ ለማየት እንዲመቸን።

የአፖሎ 11ዱ ማይክል ኮሊንስም እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞታል። ጓዶቹ ወርደው እሱ ብቻውን ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር ለ48 ደቂቃ ከጨረቃ ጀርባ ይሆን ነበር፤ ከምድር ጋር ሬዲዮ የለም። ጋዜጦች ከአዳም ወዲህ እንደሱ ብቸኛ የሆነ ሰው የለም አሉ። እሱ ግን ብቸኝነት አልተሰማኝም፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ትኩስ ቡናም ነበረኝ ሲል ኖረ። የፈራው ሌላ ነገር ነው፤ አርምስትሮንግና በዝ አልድሪን መነሳት አቅቷቸው ብቻዬን ብመለስስ የሚለውን። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፍ ድረስ ስለ ብቸኝነት የሚጠይቁት አላጣም። ያዘነበትን ትቶ ያላዘነበትን ማስረዳት ዕድሜ ልክ የሚሆን ሥራ ሆነበት።

ወረቀት ላይ የነበረው

በዚያው ምሽት ሌላ ነገር ሆኗል። ምዕራባውያን የገናን ዋዜማ እያከበሩ ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 15 ቀን 1961 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ገና ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ሦስቱ ጠፈርተኞች ከጨረቃ ዙሪያ በቀጥታ ቴሌቪዥን ቀረቡ። የጨረቃን መሬት እያሳዩ ሳለ አንደርስ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ብሎ ጀመረ። ሎቬል ተቀበለው። ቦርማን እስከ አሥረኛው ቁጥር አድርሶ በመልካሚቱ ምድር ላሉት ሁሉ የእግዚአብሔርን በረከት ተመኘና ዘጋ።

ብዙዎች ይህ በዚያው ቅጽበት ከልባቸው ፈንቅሎ የወጣ ይመስላቸዋል። ጥቅሱ ግን ከጉዞው በፊት ተመርጦ፣ እሳት በማይበላው ወረቀት ተተይቦ፣ ከበረራው ዕቅድ ጋር ተያይዞ ነበር። ዕቅዱ ላይ ነበረ። ምድር ደግሞ ዕቅዱ ላይ አልነበረችም። ይህን ሳውቅ ንባቡ አልቀለለብኝም። ቤተ ክርስቲያን የምናነበውም ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ የሚያነብን ሰው ልብ የሚነካው ግን ዕለቱ ነው።

የከበደኝ የአንደርስ ነገር ነው። የጀመረው ቃል ያ ሆኖ፣ ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ሰው ሆኖ፣ በእርጅናው ያቺ ጉዞ እምነቴን አናጋችው ብሎ ተናገረ። ምድር እንዲያ ትንሽ ሆና ካየኋት በኋላ ሁሉ ነገር በእኛ ዙሪያ ይዞራል ብዬ ማመን አቃተኝ አለ። እኔ አማኝ ነኝ። ይህን ሳነብ ከፋኝ። ሰውዬውን መጨቃጨቅ አማረኝ። ከዚያ ሌሎቹን ማየት ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአፖሎ 15 ጨረቃ ላይ የሄደው ጂም ኧርዊን ተመልሶ ሰባኪ ሆነ፤ የኖኅን መርከብ ፍለጋ አራራት ተራራ ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአፖሎ 16 የሄደው ቻርሊ ዱክ ጨረቃ ላይ ምንም መንፈሳዊ ነገር አልተሰማኝም ይላል፤ ወደ እምነት የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ እዚሁ ምድር ላይ፣ በቤቱ ነው።

አንድ ሰማይ ነው ያዩት። አንዱን አሳመነ፣ አንዱን አጠራጠረ፣ አንዱን ምንም ሳይለው ሸኘው። አንደርስን ግን ማክበሬ ጨመረ። ዓለም ሁሉ ያንን ንባብ ያስታውሳል። ደስ የሚላቸውን መልስ ሰጥቶ ማለፍ ይችል ነበር። የተሰማውን ተናገረ። የእሱን ቃል ለመስማት ዝግጁ ካልሆንኩ የኧርዊንን ብቻ መርጬ ብጠቅስ ምን ዋጋ አለው?

ቤት የቀሩት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ስለነዚህ ጉዞዎች የሚተርኩት የሄዱት ናቸው፤ የማይረሱት ግን ቤት የቀሩት ይመስለኛል።

ከጨረቃ ምህዋር የምታወጣቸው አንዲት ሞተር ነበረች። ተተኪ የላትም። ካልተነሳች እዚያው እየዞሩ ይቀራሉ። አንደርስ ከመሄዱ በፊት ሂሳቡን ለራሱ ሠርቶት ነበር፤ ሲሶው ተሳክቶ መመለስ፣ ሲሶው ሳይሳካ መመለስ፣ ሲሶው አለመመለስ። ቦርማን ደግሞ እመለሳለሁ ብሎ ስለሞት ብዙም አላሰበም። ሚስቱ ሱዛን ግን እንደማይመለስ አምና ነበር። የበረራ ኃላፊውን ክሪስ ክራፍትን እውነቱን ንገረኝ ብላ ስትጠይቀው፣ ሃምሳ በሃምሳ ቢሆንስ አላት። ቦርማን ሰማይ ላይ ሳለ እሷ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ለቀብሩ የሚነበበውን ታስብ ነበር። ከውጭ ጋዜጠኞች በር ላይ ቆመዋል፤ ስትወጣ መሳቅ አለባት። ያ ዘመን ሚስቱን እንዴት እንደጎዳት ቦርማን ራሱ ኋላ ላይ ተናግሯል። እሱ ከአፖሎ 8 በኋላ ወደ ጠፈር አልተመለሰም።

ሎቬል ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1970 አፖሎ 13ን ይዞ ሄደ፤ በመንገድ ላይ የኦክስጅን ታንክ ፈንድቶ ሳያርፍ ለጥቂት ተርፎ መጣ። ሁለት ጊዜ ሄዶ አንድም ጊዜ ጨረቃን አልረገጠም። በአፖሎ 8 ጊዜ ጨረቃ ላይ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው አንድ ተራራ አይቶ በሚስቱ በማሪሊን ስም ጠራው። ስሙ በይፋ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማሪሊን ተራራ ብለው ሲጠሩት የኖሩት አብራሪዎቹ ናቸው።

የዞረው እጅ

ሦስቱም አሁን የሉም። ቦርማን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በ95 ዓመቱ ሞተ። አንደርስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በ90 ዓመቱ፣ ራሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ዋሽንግተን ግዛት ባሕር ላይ ወድቃ። ሎቬል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በ97 ዓመቱ። አንደርስ የሞተ ቀን ዜናው ሁሉ ፎቶዋን ይዞ ወጣ። ፎቶውን ያነሳው ሰው አረፈ ተባለ። ትክክል ነው፤ በቴፕም፣ በሂሳብም ተረጋግጧል።

እኔ ግን የ2013ቱን ማጣራት ሳነብ አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። ምድር በአንደርስ መስኮት የገባችው መንኮራኩሯ በዚያው ደቂቃ እየዞረች ስለነበረ ነው። ያለዚያ መስኮቱ እንደ ቀድሞዎቹ ሦስት ዙሮች ወደ ጨረቃ እንደዞረ ይቀር ነበር። በእነዚያ ዙሮችም ምድር ወጥታ ነበር፤ ያያት አልነበረም። ከለር ፊልሙን ፈልጎ ያቀበለው ሎቬል ነው። መንኮራኩሯን የሚያዞረው ደግሞ ቦርማን ነው።

ስለዚህ ቦርማን ያን ሁሉ ዓመት የእኔ ናት ሲል የነበረውን እንዴት እንደማየው አላውቅም። ካሜራውን አልያዘም። የያዘው መሪውን ነው። በሕይወት እያለ ባገኘው ኖሮ ማን አነሳት ብዬ አልጠይቀውም ነበር። የምጠይቀው ያን ጊዜ፣ እጁ መሪው ላይ ሆኖ ቀና ሲል፣ ከመቀለዱ በፊት፣ በእሱ መስኮት በኩል ምን ይታይ እንደነበር ነው።